ጠንቋይ ሆኖ መጫወት ኃጢአት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች። ከጓደኞቼ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። ዳይስ እንጥላለን፣ አንዱ ተዋጊ አንዱ ጠንቋይ ሆኖ ታሪክ እንፈጥራለን፣ በቃ። አንዱ ወዳጃችን ግን «ይሄ ጥንቆላ ነው፣ ተዉት» ብሎ ድርቅ አለ። እሱ ባይጫወት መብቱ ነው፣ እኛን ማስቆም ምን አመጣው?

መልስ 1፦ ክርክሩ የቆየ ነው። ጨዋታው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጇ ራሱን ያጠፋባት እናት ጥፋተኛው ጨዋታው ነው ብላ በ1983 ተቃዋሚ ማኅበር አቋቋመች። ሐዘኗ ይገባኛል፣ ጨዋታው ሰው ይገድላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። አሳታሚው ራሱ ፈርቶ በ1989ኙ እትም «ዴሞን» (ጋኔን) እና «ዴቭል» (ሰይጣን) የሚሉትን ስሞች አወጣ፣ በኋላ ጭራቆቹን በሌላ ስም መለሳቸው 😂

መልስ 2፦ እኔ አማኝ ነኝ፣ አልጫወትም። ለእኔ ጥንቆላ በቀልድም አይነካም። ይሄን ስል ግን «ኋላ ቀር» ተብዬ ተስቆብኛል። መቻቻል ለእናንተ ብቻ ነው?

መልስ 3፦ እውነትሽን ነው፣ መሳቁ ነውር ነው። ግን «አልጫወትም» እና «አትጫወቱ» ለየቅል ናቸው። የሚቃወም ሰው የራሱን ልጅ ይከልክል። የሌላ ሰው የጨዋታ መጽሐፍ ከቀደደ ግን እዚያ ላይ ይበቃል።

ጠያቂው፦ እሺ፣ እሱ ሲመጣ ካርታ እንጫወታለን። ካርታም ኃጢአት ነው ካላለ።