ባዶ አዳራሽ ማሞቅ ይብቃን፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ሐሳቡን እዚህ አርቅቀን እንጨርስ። ፍራንክፈርት የተከራየነው የማኅበራችን ቤት አዳራሽ፣ የልጆች የአማርኛ ክፍልና ወጥ ቤት አለው፤ በጠቅላላው አምስት ራዲያተር (ሙቅ ውሃ የሚያልፍበት የክፍል ማሞቂያ)። የምንሰበሰበው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ የምናሞቀው ግን ሳምንቱን ሙሉ። በአምስቱም ላይ ስማርት ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን በተሞላለት ሰዓት ራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ይገጠም እላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አሁን ያለው ባለቁጥር መዘውርም እኮ ቴርሞስታት ነው። 3 ላይ ሲሆን ክፍሉን ወደ 20 ዲግሪ ያደርሳል። 5 ላይ ማዞር ቶሎ አያሞቅም፤ ማቆሚያውን ወደ 28 ያርቀዋል እንጂ። ይህን ባለማወቃችን ስንት ቅዳሜ በሸሚዝ ተቀምጠን መስኮት ከፈትን! በእጃችን ማዞር እያለ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?

የማሞቂያ ባለሙያ የሆነ አባል፦ ልክ ነህ ወንድሜ፤ መዘውሩ ግን ሰዓት አያውቅም። እሑድ ማታ ሁላችንም ሌላው የዘጋው ይመስለናል። በአዲሱ ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር የራዲያተሩን የውሃ መዝጊያ (ቫልቭ) በተሰጠው ሰዓት ይከፍታል፣ ይዘጋል። በባትሪ ስለሚሠራ ሽቦ መዘርጋት የለም፤ ውሃ ሳይፈስ የቀድሞው ተፈትቶ አዲሱ ይታሰራል። እዚህ ጀርመን የሚሰጠው ምክር የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲቀንስ የማሞቂያ ኃይል 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው። ሆኖም ባዶው አዳራሽ ከ16 ዲግሪ በታች አይውረድ፤ በቀዘቀዘ ግድግዳ ላይ እርጥበት አርፎ ሻጋታ ያበቅላል። በሮቹም ይዘጉ፤ አለዚያ የልጆቹ ራዲያተር አዳራሹን ሲያሞቅ ይውላል።

የመስተንግዶ ተጠሪ፦ እኔ የምፈራው ለቡናው ነው። ለቡና መቁላቱና ለዕጣኑ ጭስ መስኮት ስንከፍት መሣሪያው ማሞቂያውን ይዘጋል አሉ። ደግሞስ ምጣድ በተጣደበት ወጥ ቤት ራዲያተር ምን ይሠራል? እሱ ይቅር።

የማሞቂያ ባለሙያው፦ እውነት ነው እህቴ፣ ሙቀቱ በድንገት ሲወርድ መስኮት እንደተከፈተ ቆጥሮ ለጊዜው ይዘጋል። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ከማዋል ለአምስት ደቂቃ ወለል አድርጎ ከፍቶ መዝጋት ይሻላል፤ አየሩ ይለወጣል፣ ግድግዳው ሙቀቱን አይለቅም። ስለ ወጥ ቤቱ ተሸንፌአለሁ።

የአማርኛ መምህርት፦ እኔ በቤቴ ገጥሜ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የልጆቹን ጥናት ቅዳሜ 8 ሰዓት ብዬ ሞላሁ። መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሄድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባዶውን ክፍል አሙቆ ጠበቀኝ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ልጆቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አነበቡ። ይህን ካረምኩ በኋላም ክፍሉ አልሞቀም፤ ራዲያተሩ ከረጅም መጋረጃ በስተጀርባ ስለነበር መሣሪያው የሚለካው የታፈነውን ሙቀት ነበር። የአዳራሻችን መጋረጃም ከራዲያተሮቹ ፊት ይነሣ።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ነገር ጉባኤው ይወቅ። የጋራ ማሞቂያ ባለው ሕንፃ በጀርመን የማሞቂያ ወጪ ደንብ መሠረት በተለካ ፍጆታ የሚከፈለው ከወጪው ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው፤ ቀሪው በወለል ስፋት ይደለደላል። ስለዚህ ቁጠባችን የሚነካው በፍጆታ የሚከፈለውን ድርሻ ብቻ ነው፤ ሒሳቡ በግማሽ ይወርዳል ብላችሁ አታስተዋውቁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የተሻሻለው ረቂቅ፦ በአዳራሹ ሦስት ራዲያተሮችና በልጆቹ ክፍል አንዱ ላይ ይገጠም፤ ወጥ ቤቱ እንዳለ ይቆይ። በሥራ ቀን 16 ዲግሪ፣ ቅዳሜና እሑድ ከ12፡30 ጀምሮ 20 ዲግሪ ይሁን፤ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ስብሰባው በ14፡00 ይጀመራልና። በራዲያተሮቹ ላይ የተለጠፈውን የፍጆታ መለኪያ ማንም አይንካ። ለአከራዩም አስቀድመን በደብዳቤ እናሳውቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስማማለሁ፤ አንድ መስመር ግን ይጨመር። ቤቱን ስንለቅ መልሰን የምናስራቸው አራቱ አሮጌ መዘውሮች በከረጢት ታስረው እኔ ዘንድ ይቀመጡ። ቀለም ሲቀባ የወረዱት የመጋረጃ ዘንጎች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።