ለአሮጌ ትራክተር፦ ዲናሞውን ማሳደስ፣ ሬጉሌተር መቀየር ወይስ አልተርኔተር መግጠም?

ወንድሜ፣ የአሮጌ ትራክተርዎ ባትሪ አልሞላ ሲል፣ «አሮጌውን ዲናሞ (በሞተሩ እየዞረ ባትሪ የሚሞላውን ዕቃ) ጥለው አልተርኔተር (በእርሱ ፈንታ የሚገጠመውን አዲሱን ዓይነት) ይግጠሙ» የሚል ምክር ደጋግመው ሰምተዋል። አልተርኔተር መልካም ዕቃ ነው፤ ሽቦው ከተበላ ግን እርሱም ባትሪዎን አይሞላም። ስለዚህ እባክዎ ሳይለኩ አይግዙ።

ሙሉ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር ወደ 14 ካልተጠጋ ባትሪው በደንብ እየተሞላ አይደለም። ቺንጋው እንዳልላላ ይዩ፤ ከዚያ ባትሪውን ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ይፈትሹ። እኔ በራሴ ትራክተር ላይ ሁለት ቀን ያደከመኝ ይህ ነው፤ በማሰሪያው ሥር ዝገት ነበረ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ሌላውን ከብረቱ ጋር በተያያዘው የባትሪ ጫፍ ላይ ያድርጉ። ንባቡ ከ0.3 ቮልት ካለፈ ዲናሞውን ሳይነኩ ማሰሪያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሳጥን፣ የሬጉሌተሩንም ማሰሪያ አይርሱ።

ቀጥሎ ዲናሞውን ለብቻው ይፈትኑት። በብዙ የእንግሊዝ ትራክተሮች ላይ ያለው የሉካስ ዲናሞ ሁለት ጫፎች አሉት፤ ትልቁ ዲ፣ ትንሹ ኤፍ። ገመዶቹን ነቅለው ሁለቱን ጫፎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ቴስተሩን በእነርሱና በብረቱ መካከል አድርገው ነዳጅ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ቮልቱ ሳይንቀጠቀጥ ከወጣ ዲናሞው ደህና ነው፤ 20 እንዲያልፍ ግን አይፍቀዱ። ምንም ካላሳየ መጀመሪያ ካርቦኑን (በዲናሞው ውስጥ እየተፋተገ የሚያልቀውን ብሩሽ) ይመልከቱ።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ባትሪ ካልሞላ፣ ጥርጣሬው ወደ ሬጉሌተሩና ወደ ሽቦው ይዞራል። የድሮው ዓይነት ይከፈታል፣ ይስተካከላል፤ የመነካኪያ ነጥቦቹ ግን ይቃጠላሉ። እኔ የምመርጠው በአሮጌው ሳጥን ውስጥ የሚገባውን ኤሌክትሮኒክ ነው። ሲገዙ ግን ከብረቱ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ የሚለውን ሳይናገሩ አይውሰዱ፤ በርካታ አሮጌ ትራክተሮች ፖዘቲቩን ነው የሚያስሩት።

ካርቦንና ኩሽኔታ ብቻ ካለቀ ያሳድሱት። ባለሙያ ሲመርጡ፣ ዲናሞውን በፊትዎ አዙሮ፣ ጭነት ሰጥቶ የሚያሳይዎትን ይምረጡ። «ጠመዝማዛው ተቃጥሏል» ብሎ ሳይለካ የሚፈርድን አይመኑ።

አልተርኔተር የምመክረው በሌሊት ብዙ መብራት አብርቶ ለሚያርስ ነው። የሉካስ ሲ 40 ዲናሞ 22 አምፔር ያህል ይሰጣል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ከናካቴው አይሞላም። አልተርኔተር በሁለቱም ይበልጠዋል። ሲገጠም ግን ፖዘቲቩን የሚያስር ትራክተር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኔጋቲቭ መዞር አለበት፤ ዋናው ሽቦም መወፈር ይኖርበታል። በተረፈ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በፍጹም አይንቀሉ፤ በአልተርኔተሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) በቅጽበት ሊቃጠሉ ይችላሉ።

መብራትዎ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ የእኔ ምርጫ የታደሰ ዲናሞ ከኤሌክትሮኒክ ሬጉሌተር ጋር ነው። የለኩትን ቁጥር ይጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።