በሚነድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ውስጥ ያለ እርጥበት እንዴት ይለካል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የግንባታ ሙያ መምህር ነኝ። በእኛ አካባቢ የአዳራሽም ሆነ የእህል መጋዘን ምሰሶ ብዙውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ስለሆነ፣ እሳት ቢነሣ እንጨቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ። ውፍረቱ 20፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ በጡብ ምድጃ ውስጥ በአንድ ጎኑ ለእሳት አጋለጥን። የእርጥበት መለኪያውን ሁለት መርፌዎች ከጀርባ በኩል በቀጭን ቀዳዳ አስገብተን፣ ጫፋቸው እሳት ከሚነካው ገጽ 35 ሚሊ ሜትር ላይ እንዲያርፍ አደረግን።

መሣሪያው ሲጀምር 14 ከመቶ ነበር ያነበበው። በ25ኛው ደቂቃ ግን 24 ከመቶ ደረሰ፤ ትንሽ ቆይቶም ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ የማይታመን ሆነ። እሳት ሲያደርቅ እንጂ ሲያረጥብ አላየሁም። ለተማሪዎቼ የተሳሳተ ነገር ከማስተምር ጠይቄ መረዳትን መረጥሁ፤ እንጨቱ በእርግጥ ረጥቦ ነው ወይስ መለኪያው ዋሽቶን ነው?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

መምህር፣ ሁለቱም ሆኗል፤ ችግሩ የቱ ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን በያዙት መረጃ መለየት አለመቻሉ ነው።

መጀመሪያ መለኪያውን እንመልከት። ባለ መርፌው መሣሪያ ውኃን በቀጥታ አይለካም፤ እንጨቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከላከል ለክቶ ወደ እርጥበት ይተረጉመዋል። ትርጉሙ የተሠራው ደግሞ ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንጨት ሲሞቅ፣ አንዲት ጠብታ ውኃ ሳይጨመርበት፣ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ መሣሪያው የረጠበ ይመስለዋል። ስሕተቱ በየ10 ዲግሪው ወደ 1 ከመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ግን ግምታዊ ሕግ ነው፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ልንተማመንበት አንችልም። መሣሪያው ራሱ ቢሆን ከ7 ከመቶ በታችና ከ30 ከመቶ በላይ ብዙ አያስተማምንም። የመርፌዎቹ ዘንግ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ካልተሸፈነም ንባቡ የጫፋቸው ሳይሆን በመንገድ ላይ ያለው እርጥብ ክፍል ሁሉ ሊሆን ይችላል።

የእንጨቱ መርጠብም እውነት ነው። ገጹ ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ ይከስላል፤ ከእርሱ ጀርባ 100 ዲግሪ በደረሰው ስስ ክፍል ውኃው ይተናል። ከእንፋሎቱ አብዛኛው ወደ እሳቱ ይወጣል፤ ከፊሉ ግን ወደ ቀዝቃዛው ውስጥ ገብቶ እንደገና ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ከከሰሉ ጀርባ፣ ከመነሻው ይልቅ የረጠበ ቀበቶ ይፈጠርና ከእሳቱ ፊት ፊት እየሸሸ ወደ መሐል ይገባል።

ለምሰሶ ይህ ቀበቶ ትልቅ ቁም ነገር አለው። የአውሮፓ የእንጨት ግንባታ ደረጃ በሆነው በዩሮኮድ 5 የእሳት ክፍል መሠረት፣ እንደ ጥድ ያለ ለስላሳ እንጨት 100 ዲግሪ ሲደርስ በርዝመቱ የሚመጣበትን ጭነት የመሸከም አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሲጎተት የመቋቋም አቅሙ ግን 65 ከመቶ ያህሉን ይዞ ይቆያል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት፤ ሆኖም ያልከሰለ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ማስላት እንደማያዋጣ ያሳያል።

ምክሬ ይህ ነው። ከመርፌዎቹ ጎን፣ በዚያው ጥልቀት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ያስገቡ። ሽቦው እሳት ከሚነካው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይሂድ፤ ከጀርባ ቀጥ ብሎ ከገባ ብረቱ ሙቀቱን እየሳበ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጥዎታል። ቀጥሎ ተመሳሳይ ግንዶች አዘጋጅተው አንዱን በ10ኛው፣ ሌላውን በ25ኛው ደቂቃ አውጥተው ወዲያው ይቁረጡ። ከገጹ ወደ ውስጥ በየ10 ሚሊ ሜትሩ እየፈለጡ በፌስታል አሽገው ይመዝኑ፤ በ103 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው እንደገና ይመዝኑ። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት ሲያካፍሉ እውነተኛውን እርጥበት ያገኛሉ። የከሰለውንና የጠቆረውን ክፍል ግን አያስሉት፤ እዚያ የጠፋው ውኃ ብቻ ሳይሆን እንጨቱም ነው።

መልስ፣ ከፋግታ ለኮማ

እኔ ዴከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ከሰል የማከስል ሰው ነኝ፤ መለኪያ የለኝም፤ ነገር ግን መምህሩ ያዩትን በየጊዜው አየዋለሁ። በደንብ ያልደረቀ እንጨት አንድ ጫፉ ሲነድ በሌላው ጫፉ ውኃ እያፈላ አረፋ ይደፍቃል፤ እጄን ሳስጠጋ እንፋሎቱ ይጠብሰኛል። ውኃው በእንጨቱ ርዝመት መሄድ ይቀለዋል ማለት ነው። ግንድዎ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጫፎቹ ካልተደፈኑ በረጅም ምሰሶ ውስጥ ይቀር የነበረው ውኃ ሁሉ በጫፍ ያመልጥብዎታል። ይድፈኗቸው።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ይህን እኔ ዘንግቼው ነበር፤ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጫፎቹን ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ቀብተው በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅልሏቸው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የጡብ ምድጃ እሳት ከደረጃው እሳት ጋር አንድ አይደለም። በዓለም አቀፉ የእሳት መፈተኛ ደረጃ በአይሶ 834 መሠረት ምድጃው በ30ኛው ደቂቃ 842 ዲግሪ መድረስ አለበት። ስለዚህ ያገኙትን ደቂቃ «ምሰሶው ይህን ያህል ይቆያል» ብለው ለማንም እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጫፎቹን ደፍነን፣ መርፌዎቹን ሸፍነን ደገምነው። በ25ኛው ደቂቃ በ35 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሙቀቱ 58 ዲግሪ፣ የመለኪያው ንባብ 23 ከመቶ ነበር። ለሙቀቱ ወደ 4 ስንቀንስለት 19 ሆነ። ግንዱን አውጥተን ስንፈልጠው ከሰሉ 12 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ቀጥሎ ቡናማና ደረቅ ክፍል አለ፤ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ጠቆር ብሎ በጣት ሲነካ ያረጥባል። ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያለው ፍላጭ በሚዛን 17 ከመቶ ወጣ፤ መሐሉ 14 ላይ እንዳለ ነው። የመለኪያው ንባብ ከታረመም በኋላ ከሚዛኑ በ2 ይበልጣል፤ ቢሆንም እንጨቱ መርጠቡ እውነት ሆኖ ተገኘ። አንዲት ተማሪዬ ያንን እርጥብ ፍላጭ ለረጅም ጊዜ ከእጇ አላወረደችውም።

በክረምት ከተቆረጠና ገና 30 ከመቶ አካባቢ ካለው ግንድ ጋር ለማነጻጸር ሁለት ግንድ ለይቼ አስቀምጫለሁ። በዚያ እርጥበት መርፌው ስለማያስተማምን በሚዛኑና በቴርሞካፕሉ ብቻ እንሠራለን፤ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።