ልጄን በጀርባው ላስተኛው ብል ከእማዬ ጋር አልተስማማንም

ሰላም እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ልጄ ሁለት ወር ከአስር ቀኑ ነው፤ የመጀመሪያዬ ነው። የስድስት ሳምንት ክትባቱን ላስከትብ ስሄድ ነርሷ "ዓመት እስኪሞላው ቀንም ሌሊትም በጀርባው ብቻ አስተኚው፣ ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ትራስ አያስፈልገውም" አለችኝ።

እማዬ ግን ልታርሰኝ ከደሴ መጥታ "ስድስት ልጅ በሆዳቸው አስተኝቼ አሳድጌያለሁ" ትላለች። በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ያንቀዋል ባይ ናት። ነርሷ ደግሞ በጀርባ ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ትውከት በቀላሉ አይገባበትም ብላ በእጇ እያሳየች አስረድታኛለች። እኔን አሳመነችኝ። እማዬን ማን ያሳምናት?

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብባንን ልጁ በሆዱ ተደፍቷል። አፍንጫው ጋቢው ውስጥ ገብቷል። ክው አልኩ! ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። እማዬ "ደስ ብሎት በተኛበት!" ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፣ በሆዱ ሲሆን ድብን ብሎ ይተኛል። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ እንቅልፉ ከከበደው ትንፋሽ ሲያጥረው ቶሎ አይነቃም።

ሌላው ጭንቅላቱ ነው። ሁሌ ወደ ቀኝ ስለሚዞር በዚያ በኩል ጠፍጠፍ ብሏል። ነቅቶ ሳለ አጠገቡ ሆኜ በሆዱ ላለማምደው እሞክራለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ያለቅሳል። የእናንተ ልጆች እንዴት ለመዱት?

ጋቢውን ካነሳሁስ ለሌሊቱ ብርድ ምን ላልብሰው? ደግሞ እማዬን ሳላስቀይም እንዴት ልንገራት? ገና አንድ ወር እኛ ጋ ትቆያለች።