በጋራ መሳያ ሰሌዳ ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያላለቀውን መስመር ማን ያስቀምጠው?

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚስልበት ሰሌዳ በዋይጄኤስ (Yjs፣ የብዙ ሰዎችን ለውጥ በራሱ የሚያዋህድ ላይብረሪ) እና በዌብሶኬት (በብራውዘርና በሰርቨር መካከል ክፍት ሆኖ የሚቆይ ግንኙነት) እየሠራሁ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቄያለሁ።

ገና እየተሳለ ያለው መስመር በአዌርነስ (ማን አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ለሌሎች የሚያሳየው፣ ዶክመንቱ ውስጥ የማይቀመጠው የዋይጄኤስ ጊዜያዊ መረጃ) በኩል ይተላለፋል፤ ነጥቦቹ በየ50 ሚሊሰከንዱ ተጠራቅመው ይላካሉ። ብዕሩ ሲነሳ ሙሉው መስመር፣ መለያ ቁጥሩ ቁልፍ ሆኖ፣ ሁሉም በሚጋሩት ቋሚ ዶክመንት ውስጥ ያለው ማፕ (እያንዳንዱ መረጃ በራሱ ቁልፍ የሚቀመጥበት ዝርዝር) ላይ ይገባል። ግልጽነቱ 0.4 የሆነው ማድመቂያ ብዕር ለቅጽበት ይጠቁር ነበር፤ ጊዜያዊውና ቋሚው መስመር ተደራርበው ስለሚሳሉ ነው። ቋሚው ከደረሰ ጊዜያዊውን አለመሳል ይህን ፈትቶታል።

ያልተፈታው ይኸኛው ነው፦ የሚስለው ሰው መስመሩን ሳይጨርስ ኔትወርክ ቢቋረጥበት፣ አዌርነስ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሁኔታውን ያጠፋዋል፤ መስመሩም ከሌሎቹ ስክሪን ላይ ይጠፋል። ሌሎቹ ያስቀምጡት እንዳልል፣ ለአንዱ 80 ነጥብ፣ ለሌላው 65 ብቻ ደርሶት ሊሆን ይችላል። ማፑ በአንድ ቁልፍ ላይ ከተጋጩት አንዱን ብቻ ስለሚያስቀር አጭሩ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ባለቤቱ ሲመለስ የሚልከው ሙሉ መስመር እንኳ ዋስትና የለውም።

ሰርቨሩ ብቻ እንዲያስቀምጥ ላድርግ? ወይስ መስመሩን በየ2 ሰከንዱ ቆራርጦ በተለያየ ቁልፍ ማስገባት ይሻላል? ሁለተኛውን የሞከራችሁ፣ አንድ ጊዜ «መልስ» (undo) ሲባል ሁሉም ቁራጭ አብሮ እንዲጠፋ እንዴት አደረጋችሁ? እባካችሁ ተባበሩኝ።