የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ይሁን? ለወረዳው ምክር ቤት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የእድሩ ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪው በመንግሥት ቢሮ ሲበደል ሳይፈራ አቤት እንዲል የምናቀርበውን ሐሳብ ረቂቅ እስከ እሁድ መጨረስ አለብን። አሁን ያለው «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይሰጥ» ይላል። እኔን አልጣመኝም። በመንግሥት ቢሮዎች ላይ የሚቀርብ የአስተዳደር በደል አቤቱታን የሚመረምረው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቁሟል። ስሙን ብዙ ሰው ሰምቷል። ግን «እሱም ያው መንግሥት ነው» ብሎ ይተወዋል።

የሴቶች ተጠሪ፦ ወዶ አይደለም። ባለፈው ከጎረቤቴ ጋር ለካርታ ጉዳይ አንድ ቢሮ ሄድን። ወረቀቷን በፌስታል ይዛለች፤ ከመመላለሱ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል። ግድግዳው ላይ የአስተያየት ሳጥን አየሁና «ጽፈሽ ክተቺ» አልኳት። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለችኝ። ብንጠይቅ፣ ኃላፊው ጋ። አቤት የምትለው በእሱ ላይ ነው! ፌስታሏን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወጣች።

ሊቀመንበር፦ እውነትሽን ነው ልጄ። ቅሬታ ሰሚውም እዚያው ግቢ ነው የሚቀመጠው። እንባ ጠባቂ ግን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይህ ልዩነት ይጻፍ። አቤቱታ በቃልም ይቀርባል፤ ሦስተኛ ወገንም ማቅረብ ይችላል። ታዲያ ለፈራ ሰው እድሩ ለምን አያቀርብለትም?

ወጣት አባል፦ ጋሼ፣ እስማማለሁ። ግን ተቋሙ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ አይደለም። ቢሮው ዝም ቢልስ? አንዴ ሞክሮ ዝም የተባለ ሰው ሁለተኛ አይሞክርም። ለሰፈሩም ያወራል።

የሴቶች ተጠሪ፦ እንግዲያው መልሱ በር ላይ ይለጠፍ። በየ3 ወሩ ስንት አቤቱታ ገባ፣ ስንቱ መልስ አገኘ፣ ስንቱ ተንጠልጥሎ ቀረ። የአመልካች ስም አይጻፍ።

ጡረተኛ አባል፦ እኔ መስኮት ላይ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሲስተም ሲጠፋ ስድቡ የሚወርደው እኛ ላይ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ጉቦ በላተኛ አይደለም። ሳጥኑ ሲከፈት የሠራተኛም ተወካይ ይኑር። ያኔ እነሱም አይፈሩትም።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ይህ በጣም ጥሩ ነው፣ አስገብቼዋለሁ። «ግንዛቤ» የሚለውን አንቀጽ አወጣሁት። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄያችን ቁልፉ ነው፤ ነዋሪው በመረጣቸው 3 ሰዎች እጅ ይሁን ብለናል። ሁለተኛው በር ላይ የሚለጠፈው መልስ። እድሩ ስለ አባሉ አቤት የሚልበትን መንገድ እሁድ እንጨርሰዋለን። እትዬ፣ ያቺን ጎረቤትዎን ይዘዋት ይመጣሉ? ፌስታሏንም ይዛ ትምጣ፤ ከእሷ እንጀምር።