ሳንባዋን የታመመች እናቴ ትንገዳገዳለች፤ እንቅስቃሴ ትሥራ ወይስ ትረፍ?

ጠያቂ (ከካራ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በባህር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ስትጋግር ኖራለች። ዘንድሮ ሐኪም ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው ብሎ የሚሳብ ፓፍ አዘዘላት። ትንፋሹስ ተሻላት። ያስጨነቀኝ መንገዳገዷ ነው። በሁለት ወር ሁለቴ ወደቀች፦ አንዴ ቅዳሴ ላይ ቆማ፣ አንዴ ማታ ሽንት ቤት ስትሄድ። ጎረቤት «ዝም ብላ ትተኛ» ይላል። እኔ ደግሞ ለንጹህ አየር እንጦጦ ልወስዳት አስቤ ነበር። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እህቴ፣ የሚጎዳቸው መተኛቱ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው መንቀሳቀስ ይተዋል። ያኔ የጭን ጡንቻ ይመነምናል፣ እግር ይከዳል። መጀመሪያ ግን መውደቃቸውን ለሐኪማቸው ንገሪ፤ ግፊታቸው፣ ዓይናቸውና መድኃኒቶቻቸው ይታዩ።

ሐኪሙ ከፈቀደ በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ ለ8 ሳምንት ይሥሩ። ፓፉ ከእንቅስቃሴ በፊት እንዲሳብ የታዘዘ ከሆነ፣ ከመጀመራቸው 15 ደቂቃ በፊት ይሳቡ። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ 5 ጊዜ ይበቃል፤ ቀስ በቀስ ወደ 10። ሲነሱ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ትንፋሻቸውን ያስወጡ። በእግር መሄድ ጥሩ ነው፣ ሚዛን ግን ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል። ከባድ ጠረጴዛ ይዘው እግራቸውን ገጥመው ይቁሙ። ሲለምዱት አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ከዚያ በአንድ እግር፣ 10 ሰከንድ። አንቺ አጠገባቸው ሁኚ። ማውራት እስኪያቅታቸው አይድከሙ። ደረት ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ወዲያው ይቁም።

መልስ 2፦ አባቴ ከቲቢ ከዳነ በኋላ ሳንባው ላይ ጠባሳ ቀረ። መጀመሪያ 3 ጊዜ ከወንበር መነሳት አቅቶት አለቀስን። በሁለተኛው ወር ሱቅ ብቻውን ደርሶ መጣ። አይዞሽ። ማታ መንገዱ ላይ መብራት አድርጊ፣ ነጠላ ጫማውንም ጣይው፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ግዢላት።

መልስ 3፦ እንጦጦ ይቅርብሽ። አናቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከፍ ባልን ቁጥር የምናገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ካራም ዳገት ነው። ሜዳ መንገድ ፈልጊ። ምድጃውንም አርቂላት፤ ጭሱ እያለ ስፖርቱ ብቻውን አይበቃም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሴ ላይ ግን ተቀመጪ ብትባል እሺ አትልም።

መልስ 1፦ እንግዲያው መቋሚያ ይያዙ፤ ግድግዳ ተጠግተው ይቁሙ። ሲደክማቸው መቋሚያውን ተደግፈው ትንሽ ወደፊት ዘንበል ይበሉ። አቋቋሙ ትንፋሽም ያቀልላቸዋል።